የአትክልተኛውን እጅ አስተውይው

ጋቢ ላለብስሽ መጥቼ ነው ዓይኔ ደብተርሽ ላይ ያረፈው። ይቅርታ፣ ከትከሻሽ በላይ አነበብኩት። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ በዚህ ሰዓት አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ አንቺ ደግሞ ሥራ ከያዝሽ ነጠላ እንኳ ትዝ አይልሽም። በይ ልበሺና ጠጋ በይልኝ፣ እኔም ልቀመጥ።

የጻፍሽው ይህ ነው፦ «ግንቡ የደኅንነት ተምሳሌት ነው። ምጸቱ በመጨረሻ ልጁ መጎዳቱ ነው።» አትሰርዢው፣ ስሕተት የለበትም። ግን ይህን አጭር ልቦለድ ያነበበ ተማሪ ሁሉ እነዚህኑ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይጽፍና ከዚያ ወዲያ የሚለው ያጣል። አንቺም ከመሸ ጀምሮ እዚያው ላይ እንደቆምሽ አይቻለሁ። አብሽሪ፣ የኔ ዓለም። እኔም በአንቺ ዕድሜ፣ እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ፣ «ምጸት» እና «ተምሳሌት» ማለት ምን እንደሆነ በቃሌ ሸምድጄ ነበር፤ ታሪኩ ግን አልገባኝም። የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ኮምቦልቻ ሥራ ይዤ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ስወርድ ደግሜ ሳነበው ነው። ለምን ያኔ እንደገባኝ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። የእናታችን ነገር አለበት።

አሁን ስክሪብቶሽን አስቀምጪው። ተምሳሌት ከመፈለግሽ በፊት ታሪኩን እንደ ታሪክ ማውራት መቻል አለብሽ። እናታችን ቡና እየቀዳች «ምንድን ነው የምታነቢው?» ብትልሽ እንዴት አድርገሽ ትነግሪያታለሽ? እኔ ብሆን እንዲህ እላት ነበር።

ጸሐፊዋ ናዲን ጎርዲመር ትባላለች። ደቡብ አፍሪካዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ጆሃንስበርግ አጠገብ ስፕሪንግስ በምትባል የማዕድን ከተማ ተወለደች። «ከዕለታት አንድ ቀን» የሚለው ይህ ልቦለድ በ1991 በወጣው «ዝላይ» በተባለው መድበሏ ውስጥ አለ፤ በዚያው ዓመት የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለች። ታሪኩ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው አንዲት ደራሲ ለልጆች ታሪክ ጻፊ ትባላለች፤ አልጽፍም ትላለች። ሌሊት ድምፅ ይቀሰቅሳታል። ወለሉ ሲንቋቋ ትሰማለች፤ ሌባ ገባ ብላ ትንፋሿን ውጣ ትጋደማለች። ኋላ ግን የገባ ሰው አለመኖሩን ትረዳለች። ቤቷ የቆመው ወርቅ ለማውጣት ከሥሩ በተቦረቦረ መሬት ላይ ነው፤ እታች ከጥልቁ ዐለት ሲናድ ነው እላይ ቤቱ የሚንቋቋው። እንቅልፏ ስለጠፋ ለራሷ ተረት መንገር ትጀምራለች።

ተረቱ ሁለተኛው ክፍል ነው። ባልና ሚስት አሉ፤ ይዋደዳሉ። አንድ ትንሽ ልጅ፣ አንድ ውሻና አንድ ድመት አላቸው። የሚያምኗት የቤት ሠራተኛ አለች፤ ቀን እየቆጠረ የሚመጣ አትክልተኛም አለ። ከከተማው ውጭ ሌላ ቀለም ያላቸው ሰዎች እንዲሰፍሩ በተደረገበት ሠፈር ረብሻ ይነሣል። ሚስት ትፈራለች። ባል በኤሌክትሪክ የሚከፈት በር ያስገጥማል። ቀጥሎ በየመስኮቱ የብረት ፍርግርግ፣ ከዚያ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ግንቡን ከፍ ማድረግ፣ በመጨረሻም ግንቡ ላይ ምላጭ የመሰለ ስለት ያለው የሽቦ ጥቅልል። አንድ ማታ እናት ለልጇ የተኛችውን ልዕልት ተረት ታነብለታለች። በማግስቱ ልጁ በእሾህ መሐል አልፎ ልዕልቲቱን የሚያድነውን ልዑል ሆኖ ሊጫወት መሰላል ይጎትትና ሽቦው ውስጥ ይገባል።

ታሪኩ ይህ ነው። አሁን ስክሪብቶሽን አንሺ።

ስለ ምጸት መጀመሪያ የምነግርሽ፣ ከሽሙጥ ጋር እንዳታምታቺው ነው። ሽሙጥ ሰውን ለመውጋት የሚወረወር ቃል ነው፤ ተናጋሪው እንደሚዋጋ ያውቃል። በምጸት ግን ሰዎቹ ከልባቸው ነው የሚናገሩት፣ ከልባቸው ነው የሚሠሩት፤ የሚገለበጥባቸው ራሱ ነገሩ ነው። ከክፉ ዕድልም ለዪው። ልጁ መንገድ ሲሻገር መኪና ቢገጨው ኖሮ ኀዘን እንጂ ምጸት አይሆንም ነበር። ምጸት የሚሆነው የጎዳው ነገር እርሱን ለመጠበቅ የተሠራ በመሆኑ ነው። ስለዚህ «ምጸቱ የት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ። «እነዚህ ሰዎች ምን አመኑ? ያመኑትስ በየትኛው ገጽ ከእጃቸው ወጣ?» ብለሽ ጠይቂ። ያኔ አንዱ ብቻ ሳይሆን ብዙው ይታይሻል።

አብረን እንፈልግ። ከአጀማመሩ ተነሺ። በተረት ወግ «በደስታ ኖሩ» የሚባለው መጨረሻ ላይ ነው። ጎርዲመር ግን ቤተሰቡን ስታስተዋውቀን ገና በመጀመሪያው በደስታ እየኖሩ ነው። እኛ ዘንድ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚባለውን ተረቱ ሳይጀመር እንደማለት ነው። ደስታው መጀመሪያ ላይ ካለቀ፣ ለመጨረሻው ምን ሊተርፈው ነው? ያ የተገለበጠ አጀማመር ገና ከበሩ ሲያስጠነቅቅሽ ነበር።

ቀጥሎ በሩ ላይ የተለጠፈውን ምልክት እዪ። ሠፈሩን በጋራ የሚጠብቁ ጎረቤታሞች የሰቀሉት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ጥላ ተሥሎበታል። ጭምብል ስላለው ጥቁር ይሁን ነጭ አይታወቅም፤ ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ዘረኛ አይደለም ይባላል። እዚህ ላይ ቆም በይ። ያ ሥዕል ማንንም አይጠራም፤ ግን ያየው ሁሉ ማን እንደተጠራ ያውቃል። 

ከዚያ የማስጠንቀቂያውን ጩኸት ተከተይ። ሁሉም ቤት አስገጠመው። የአንዱ ሲጮህ የሌላው ይከተላል፤ ሠፈሩ ጩኸቱን ለመደው። ሌቦች ደግሞ ሁካታውን ተገን አድርገው ፍርግርጉን በመጋዝ ቆረጡ። ሌባ ሊያባርር የተገዛው ድምፅ የሌባውን ድምፅ ሸፈነለት።

አንድ ሌላ፣ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው አለ። ሥራ ያጡ ሰዎች ዛፉ ሥር ተቀምጠው ስታይ ሚስት አንጀቷ አልችል ብሎ ዳቦና ሻይ ልትልክላቸው ትነሣለች። ክፉ ሴት አይደለችም። የሚያስቆማት ማን ነው? የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ራሷ ከዚያው ከተከለከለው ሠፈር የመጣችው። ዱርዬዎች ናቸው፣ አስረው ይጥሉኛል ትላለች። የሌላ ቤት ሠራተኛ ታስራ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎባት ስለነበር ፍርሃቷ ከመሬት የተነሣ አይደለም። መለያየት ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ የሚያሳየው እንዲህ ያለው ቦታ ነው፤ ግንቡን በተከለከለውም ሰው ልብ ውስጥ ያቆመዋል። ይህን አንዱን ብታነሺ መምህርሽ ከወረቀቱ ቀና ብሎ ያስብበታል።

ስለ ተምሳሌት ደግሞ እንነጋገር። «ግንብ ማለት ደኅንነት፣ ድመት ማለት ነፃነት» እያልሽ በዝርዝር አታስቀምጪ። እኛ ልጆች ሆነን ሰምና ወርቅ ስንማር የተነገረንን አስታውሺ፦ ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ወርቁ የሚፈስበት ቅርጽ የለውም። ተምሳሌትም እንዲሁ ነው። ግንቡ መጀመሪያ በጡብ የተሠራ፣ ኖራ የተቀባ፣ የአሮጌ ጫማ አሻራ ያረፈበት እውነተኛ ግንብ ነው። ትርጉሙ የሚመጣው ታሪኩ ውስጥ ሲያድግ፣ ሲለወጥ፣ ሰው ሲነካው ነው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ወይም አንድ ሰው ምረጪና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ እየተከተልሽ ምን እንደሆነ ጻፊ።

ለምሳሌ አማቲቱን እንያዝ። ታሪኩ ጥበበኛ አሮጊት ጠንቋይ ይላታል፤ የባልየው እናት ናት። የገና ስጦታ ትሰጣለች። ለልጇና ለምራቷ ግንቡን ከፍ የሚያደርጉበት ጡብ፤ ለልጅ ልጇ የተረት መጽሐፍ። ሁለቱም የፍቅር ስጦታ ናቸው። አንዱ ስጦታ ግንቡን አቆመ፤ ሌላው ልጁን ግንቡ ላይ አወጣው። በተረት ጠንቋይ የምትመርዘው በፖም ነው፤ ይህችኛዋ አያት ናት፣ የምትሰጠውም በመውደድ ነው። ይህን በሁለት መሥመር ብትጽፊ «አማቲቱ የፍርሃት ተምሳሌት ናት» ከማለት እጅግ ይሻላል።

ድመቷንም ተከተያት። በፍርግርጉ ትሾልካለች፣ ማስጠንቀቂያውን ታስጮኻለች፣ ግንቡን ትዘላለች። ሽቦው ሲዘረጋ እናት የተጨነቀችው ለድመቷ ነው፤ ባል ደግሞ ድመት ሳታይ አትዘልም ብሎ ያጽናናታል። እውነቱን ነው፤ ድመቷ ከዚያ ወዲያ ግንቡ አጠገብ አልደረሰችም። ሁለቱም ስለ ድመት ሲያስቡ ስለ ልጅ ያሰበ አልነበረም። የሽቦው ድርጅት ስም ደግሞ የዘንዶ ጥርስ ነው። በተረት ዘንዶ ከቤት ውጭ የሚኖር አውሬ ነው፤ እነርሱ ግን ገንዘብ ከፍለው ቤታቸው ላይ አሳደሩት።

አሁን ወደ ወርቁ ጉድጓድ ተመለሺ። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን ክፍል እንደ መግቢያ ቆጥሮ ይዘለዋል። አንቺ አትዝለዪው። ቤቱን የሚያናውጠው ከውጭ የመጣ ሰው ሳይሆን ከሥር የተቦረቦረው መሬት ነው። ወርቁን የሚያወጡት እነማን ናቸው? ወደዚያ ሠፈር ለሥራ ካልሆነ እንዳይገቡ የተከለከሉት ወንዶች ናቸው፤ ምናልባትም አንዳንዶቹ እዚያው ተቀብረዋል። ሀብቱም ስጋቱም ከአንድ ጉድጓድ ወጣ። ሁለቱን ክፍሎች የሚያስተሳስረው ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በብርቱ ላስጠንቅቅሽ። «ፍርሃታቸው ባዶ ነበር» ብለሽ እንዳትጽፊ። ባዶ አልነበረም። በመጀመሪያው ክፍል ተራኪዋ ራሷ ትፈራለች፤ ከቤቷ ጥቂት ራቅ ብሎ በቀን ሴት ተገድላለች። ጥንታዊ ሰዓቶች የሚሰበስብ ሽማግሌም በጩቤ ተወግቷል፤ ውሾቹ አላዳኑትም። ግን ማን ወጋው? ሳይከፍለው ያባረረው የቀን ሠራተኛ። ጎርዲመር ይህን በግማሽ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነግራን ታልፋለች፤ ያንን ግማሽ ዓረፍተ ነገር አስምሪበት። ውሻ ከመግዛት ደመወዙን መክፈል ይቀል ነበር። ታሪኩ «አትፍሩ» አይልም፤ ፍርሃታችሁ ከምን እንደተወለደ ሳትጠይቁ መድኃኒቱን ከሱቅ አትግዙ ነው የሚለው።

የደቡብ አፍሪካን ነገርም በሁለት ዓረፍተ ነገር አስገቢ፤ ታሪኩ ከሰማይ አልወረደም። አፓርታይድ እ.ኤ.አ. በ1948 የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ፤ በ1950 የወጣው የመኖሪያ አካባቢ ሕግ ማን በየትኛው ሠፈር ይኑር የሚለውን በቆዳ ቀለም ወሰነ። ጥቁሩ በነጩ ሠፈር የሚገኘው ለሥራ ነው። ታሪኩ ሠራተኛዋንና አትክልተኛውን በሥራቸው ብቻ የሚጠራቸው ለዚህ ጭምር ነው፤ ሠራተኛዋ «የምትታመን» የሚል ቅጽል ተሰጥቷታል። ይህን ሥርዓት የታገሉት ማንዴላ ከእስር የወጡት መድበሉ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1990 ነው። ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና እንደወሰዱም ታውቂያለሽ፤ የዚያ ግንብ ጉዳይ ከእኛም አገር ጋር ገመድ አለው።

ደግሞ ይህ የሩቅ አገር በሽታ ብቻ አይምሰልሽ። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ሕግ ከአበሻ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣ ነበር። አዲስ አበባንም ለነጭና ለአገሬው ሰው ከፍለው ነደፉት፤ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አንሥተው የአገሬው ሰው ለብቻው የሚገበያይበት አደረጉት። ዛሬ መርካቶ የምንለው እርሱ ነው። ሰው እንዳይቀላቀል የተሠራው ቦታ ጉራጌውን፣ ወሎዬውን፣ አደሬውን፣ ትግሬውን፣ ኦሮሞውን ትከሻ ለትከሻ ያገናኘ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ ሆነ። ምጸት ሁልጊዜ በደም እንደማያልቅ ለማሳየት ከፈለግሽ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ወደ ቤታችን ልቅረብ። ከደሴ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ሥራው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ማከም ነበር። ድሮ በሽታው የያዘው ሰው ከቤት ይወጣል፣ ዕቃው ይለያል፣ ልጁን የሚያገባለት ያጣል። የሕክምናው ዓለም የሚለው ግን አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው በሽታውን የሚከላከል አቅም እንዳለው፣ መድኃኒት የጀመረ ታማሚም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፍ እንደሚያቆም ነው። ሰውን ለዕድሜ ልኩ የቆረጠው ከበሽታው ይልቅ የወገኑ ሽሽት ነበር። በሽታው ተሻለው፤ የበሽታው ስም ግን ስድብ ሆኖ ዛሬም በየሠፈሩ ይሰማል። ከባክቴሪያው ይልቅ ቃሉ ዕድሜው ረዘመ።

አንቺም እኔም በዓይናችን ያየነውን ደግሞ አትርሺ። በእኛ አቆጣጠር በ2013 ክረምት በጦርነቱ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በየትምህርት ቤቱ ሲያድሩ ደሴ እንጀራዋን ተሸክማ ወጣች። እናታችን ሌሊት እየተነሣች ስትጋግር ታስታውሻለሽ። ጥቅምት 2014 ሊገባደድ ሲል እኛው ራሳችን ፌስታል አንጠልጥለን የሐረጎን ቁልቁለት በእግራችን ወረድን። አስተናጋጁ ተፈናቃይ ሆነ። በዚያ ሰሞን በየሰዉ አፍ ላይ አንድ ቃል ነበር፦ «ጸጉረ ልውጥ»። ስጋቱ እውነት ነበር፤ ጦርነት ነው፣ ማንም ይፈራል። ቃሉ ግን የማንንም ስም አይጠራም፤ የሰማው ሁሉ ግን ዓይኑ ወደ አንድ ጎረቤቱ ይዞር ነበር። ያን ጊዜ ቡና አብረውን ይጠጡ የነበሩ ሰዎች በራቸውን ዘግተው ሲውሉ አይቻለሁ። ከዓመታት በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ ስለዚያ ጭምብል ስላጠለቀ ጥላ ሳነብ እጄ የቀዘቀዘው ለዚህ ነው። ያን ምልክት አውቀዋለሁ፤ በአፌም ብየዋለሁ።

ስለዚህ ስትጽፊ የአገርሽን ነገር እንደ ጌጥ አትለጥፊው። የታሪኩን አንድ ነገር በትክክል የሚያበራ ሲሆን ብቻ አምጪው። ከግንቡ ተቃራኒ የሆነ ተምሳሌት ካስፈለገሽም ከዚህ ቅርብ አለልሽ። ቀድሞ መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩት ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ላይ ያሠሩት ትልቅ ግብር ቤት ስሙ ማን ነው? አይጠየፍ። አዳራሹ መጀመሪያ አዳራሽ ነው፤ ምሰሶና ጣሪያ ያለው፣ ሰው የሚበላበት። ስሙ ግን ለእኛ ለልጆቹ ጥያቄ ሆኖ ቀረ። ባጠገቡ ስታልፊ «እኔስ ማንን ነው የምጠየፈው?» ያሰኝሻል። ተምሳሌት ሥራው ይህ ነው፤ መልሱን ሳይነግርሽ ጥያቄውን በየቀኑ ያነሣብሻል።

አሁን የጻፍሽውን ሁለት ዓረፍተ ነገር አብረን እናሳድገው። እንዲህ ቢሆንስ፦ «ቤተሰቡ ግንቡን ያሳደገው ልጁን ከውጭ ሰው ለመጠበቅ ነው። በግንቡ ላይ የተዘረጋው ሽቦ ግን የያዘው ከውጭ የመጣን ሰው ሳይሆን ከውስጥ የወጣውን ልጅ ነው። ሊያወጣው ቀድሞ ደርሶ እጁን የቀደደው ደግሞ ግንቡ ከተሠራባቸው ሰዎች ወገን የሆነው አትክልተኛ ነው።» አየሽ? «ተምሳሌት» እና «ምጸት» የሚሉት ቃላት አንድም ጊዜ አልተጠሩም፤ ሁለቱም ግን አሉ። ቃላቱን ኋላ ታስገቢያቸዋለሽ። ደግሞ «ልጁ ሞተ» ብለሽ አትቸኩይ። ጎርዲመር ሞተ አትልም። በመጋዝና በሽቦ መቁረጫ ቆርጠው ያወጡትን ይዘው ወደ ቤት እንደገቡ ነው የምትነግረን፤ በእንግሊዝኛውም ለተሸከሙት የተጠቀመችበት ተውላጠ ስም ለሰው የሚባለው አይደለም። ልጁ በዚያች አንዲት ትንሽ ቃል ከሰውነት ወጥቶ ዕቃ ሆነ። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግሽም፤ ቃሏን አሳዪና ተያት።

መደምደሚያሽ ላይ ደግሞ «ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግንብ አለመሥራትን ነው» እንዳትዪ። ሰው ቤት አለው፣ ልጅ አለው፣ በሩን ይዘጋል። እኛም እንዘጋለን። ከመምከር ይልቅ በመጨረሻው ትዕይንት ማን ማን እንዳለ ቁጠሪ። ባል፣ ሚስት፣ ሠራተኛዋና አትክልተኛው። በታሪኩ ሁሉ ተለያይተው የቆሙት አራቱ ሰዎች በአንድነት አንድ ነገር የተሸከሙት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እጅግ ዘግይተው ተገናኙ።

የእናታችንን ነገር እነግርሻለሁ ብያለሁ። ከስደት ስንመለስ ቁልፉ ተሰብሮ፣ ቤቱ ተራቁቶ አገኘነው። ታላቅ ወንድማችን አንድ ቀን እንኳ ሳያርፍ በእኛና በጎረቤታችን መካከል የነበረውን አሮጌ ቆርቆሮ አንሥቶ በብሎኬት አጠረው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ የአምቦ ውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ሰባብሮ ላዩ ላይ ተከለ። አልፈርድበትም፤ ፈርቶ ነው፣ ስለ እኛ ነው። ግን በዚያ ቆርቆሮ ላይ አንድ የተገነጠለ ቦታ ነበር፤ እናታችን ፍም የምትቀበልበት፣ «ቡና ደርሷል!» የምትልበት። እርሱም አብሮ ተዘጋ።

በዓመቱ አንድ ቀን፣ አንቺ ትምህርት ቤት እኔ ኮምቦልቻ ሳለን፣ እናታችን ጓሮ ላይ አዳልጧት ወደቀች፤ ዳሌዋ ተጎድቶ መነሣት አቃታት። የውጭው በር በመወርወሪያ ከውስጥ ተዘግቷል። ጎረቤታችን ከግንቡ ወዲያ ጩኸቷን ሰማች። ድሮ ቢሆን በዚያች ቀዳዳ ሾልካ በሁለት እርምጃ ትደርስላት ነበር። በመንገድ ዞራ በሩን ብትደበድብ የሚከፍት የለም። በመጨረሻ ልጇ ጆንያ አጥፎ ጠርሙሱ ላይ ጣለና ወጣ። ጆንያው አልበቃም። እናታችንን አቅፎ ሲያነሣት ቀሚሷ በእርሱ ደም ረጥቦ ነበር፤ ስንደርስ የእርሷ መስሎን የጮህነው ያን ደም አይተን ነው። መዳፉ ላይ ያለውን ጠባሳ ታውቂዋለሽ፤ ሲጨብጠን ይሻክራል።

በማግስቱ ወንድማችን ምንም ሳይናገር መዶሻ ይዞ ግንቡ ላይ ወጣ። ጠርሙሱን አንድ በአንድ እየመታ አረገፈው። ከዚያ ወርዶ ቀዳዳው የነበረበትን ቦታ በእጁ ለካና ትንሽ በር አወጣለት። ግንቡ ዛሬም አለ፤ በሩም አለው።

እኔ ያን ልቦለድ ሐረጎ ላይ ደግሜ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። አትክልተኛው እጁን እየቀደደ ልጁን ለማውጣት የሚታገልበት ቦታ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ጉልበቴ ላይ አኖርኩት፤ ኮምቦልቻ እስክንገባ አልገለጥኩትም። መጀመሪያ ጊዜ ሳነበው ያየሁት ሽቦውን ብቻ ነበር።

በይ አሁን ጻፊ፤ ከእጁ ጀምሪ። ስትጨርሺ ቡና አፈላለሁ፣ አንቺ በትንሿ በር ብቅ በይና ጎረቤታችንን ጥሪልኝ። ልጇም ካለ ይምጣ በያት።